የአርበኛነት መልክ በተኩስና በድብድብ ፊልሞች፤ ከዓለም ባንክ ሰፈር አንጻር

ዓለም ባንክ በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ሰፈር ነው። ስሙንም ያገኘው በዓለም ባንክ ገንዘብ ከታገዘ የመኖሪያ ቤቶች ሥራ ነው። እንደዚህ ባሉ የከተማዋ ዳርቻ ሰፈሮች ያደጉ ብዙ ወጣቶች ፊልምን የለመዱት በመሐል ከተማ ካሉት ሲኒማ ቤቶች ይልቅ በየሰፈሩ ከነበረው ቪዲዮ ቤት ነው። ቪዲዮ ቤት ማለት አግዳሚ ወንበር የተደረደረባት፣ ከፊት ለፊቷም አንድ ቴሌቪዥን ከፍ ብሎ የተቀመጠባት ጠባብ ክፍል ናት። ዛሬ የሳተላይት ቴሌቪዥንና የእጅ ስልክ ቦታዋን በብዛት ወስደውባታል፤ በእርሷ ውስጥ የተለመደው የጀግና መልክ ግን ከእርሷ ጋር አብሮ የሚጠፋ አይደለም። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህ መልክ ስለ አገር ፍቅር ምን እንደሚያስተምር፣ ከእኛም የአርበኛነት ትውፊት በምን እንደሚለይ መመርመር ነው። የውጭ አገር ፊልሞች ዓመት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተሰጥቷል።

በቪዲዮ ቤት ከሚታዩት ውስጥ ዋነኞቹ የአሜሪካ የተኩስ፣ የሆንግ ኮንግ የካራቴና የሕንድ ፊልሞች ነበሩ። አብዛኛው ተመልካች የተዋናዮቹን ቋንቋ ስለማያውቅ ንግግሩ ያልፈዋል፤ የሚቀርለት ድርጊቱ ነው። ወጣቱ ዋናውን ሰው «አክተር» ብሎ ይጠራዋል፤ ቃሉም በዚህ አነጋገር ማንኛውንም ተዋናይ ሳይሆን ባለድሉን ብቻ ያመለክታል። አክተር ይቆስላል እንጂ አይሞትም፤ ይህንንም ተመልካቹ ፊልሙ ሳይጀመር ያውቀዋል።

ለምሳሌ ያህል የ1985ን «ራምቦ» እንመልከት። በዚህ ፊልም አንድ የቀድሞ ወታደር በቬትናም የቀሩትን የአሜሪካ ምርኮኞች ለማስለቀቅ ብቻውን ከቬትናምና ከሶቭየት ወታደሮች ጋር ይዋጋል። ፊልሙ ለአሜሪካ ሕዝብ የሚነግረው ግልጽ ነበር፤ ይኸውም በጦርነቱ የወደቀው ወታደሩ ሳይሆን የላኩት ሹማምንት ናቸው የሚል ነው። በዚያ ጊዜ ግን የኢትዮጵያ መንግሥት የሶቭየት ኅብረት ወዳጅ ነበር፤ ሠራዊቱም በአብዛኛው የታጠቀው የእርሷን መሣሪያ ነበር። ስለዚህ በአዲስ አበባ ለራምቦ ያጨበጨበ ወጣት ለአሜሪካ ፖለቲካ አጨበጨበ ለማለት አይቻልም። አገሩን ትቶ ሰውየውን ወሰደ።

አገሩም ጭምር ወደ ተመልካቹ የሚቀርብበት ጊዜ አለ። ብሩስ ሊ በሠራው «ፊስት ኦፍ ፊዩሪ» (1972) ውስጥ ጀግናው ባዕዳን በሠለጠኑባት በሻንግሃይ ከተማ ቻይናውያንን የሚያዋርደውን ሰሌዳ በእግሩ ይሰብራል። ይህን ለመረዳት ቻይንኛ ማወቅ አያስፈልግም። ከዓለም ባንክ እየተመላለሰ የሚገበይበት መርካቶ ራሱ የፋሺስት አስተዳደር የአገሩን ሰው ገበያ ከፈረንጁ ለመለየት የመሠረተው እንደ ሆነ ለሚያውቅ ሰው፣ ያ ሰሌዳ የሩቅ አገር ነገር አይመስለውም።

ይሁን እንጂ አገሩን ትቶ የሚወሰደው የጀግና መልክ በራሱ ከሐሳብ ባዶ አይደለም። በዚሁ መልክ የተሠራ ፊልም በእኛው ላይ ውሏል። «ሉቻኖ ሴራ፣ ፒሎታ» የተባለው የኢጣልያ ፊልም በ1938 የወጣ ነው፤ የሥራው የበላይ ተቆጣጣሪ የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶርዮ ነበረ፤ ከፊሉም የተነሣው እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ባለታሪኩ የቀድሞ አውሮፕላን ነጂ ሲሆን፣ ኢትዮጵያን በወረረው ጦር ውስጥ በሌላ ስም ገብቶ፣ አብራሪ ልጁን ለማዳን ሲል ይሞታል። ፊልሙ በዚያው ዓመት በቬኒስ በሙሶሊኒ ስም የተሰየመውን ዋንጫ ተሸለመ። በእርሱ ውስጥ ስምና ቤተሰብ ያለው፣ እንባውም የሚታየው ኢጣልያዊው ነው፤ ኢትዮጵያዊው ግን ከሩቅ እየሮጠ የሚመጣ ስም የለሽ ብዙኃን ነው። እንግዲህ ተመልካች የሚያዝነው ካሜራው ለቀረበለት ሰው ነው ማለት ነው። በራምቦ ፊልም ረድፍ ረድፉን የሚወድቁትን ቬትናማውያን ስናይ፣ በሌላ ጊዜ በዚያ ረድፍ የቆምነው እኛ እንደ ነበርን ማስታወስ ይገባል።

ከዚህ ጋር የራሳችንን ትውፊት ብናስተያይ ልዩነቱ ይገለጣል። ፎካሪ ብቻውን አይፎክርም። የአባቱን፣ የአገሩን፣ የአለቃውን ወይም የፈረሱን ስም እየጠራ፣ በአለቃውና በጓደኞቹ ፊት ይፎክራል፤ ሐሰት ቢናገር የሚታዘበው ምስክር አጠገቡ አለ። የአክተር ሥራ ግን ምስክር የለውም፤ አለቃውም ብዙ ጊዜ ከዳተኛ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተደረገውን የዐድዋ ጦርነት የሚያሳዩት የአገር ሥዕሎችም እንዲሁ ናቸው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ፣ አፄ ምኒልክ፣ እቴጌ ጣይቱና መኳንንቱ በየስፍራቸው ይሣላሉ። ጠላት በጎን ፊቱ በአንድ ዓይን መሣሉ እርሱን ዝቅ የማድረጊያ ልማድ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ሠራዊቱ ከነመድፉና ከነመኰንኖቹ በሙሉ ኃይሉ ቆሞ ይታያል፤ የጠላት ብርታት የድሉ ሚዛን ነውና።

ከሁሉ ይልቅ የአክተር መልክ ሊይዘው የማይችለው የውስጥ አርበኛን ነው። በጠላት ዘመን በአዲስ አበባ ተቀምጠው ወሬና ጥይት በስውር ለዱር አርበኞች ያቀብሉ የነበሩት ሰዎች ሥራ ዝምታ ነበር። ከእነርሱ አንዷ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ተይዘው በአዚናራ ደሴት ታስረዋል። የእርሳቸው ጀግንነት ምስጢር መጠበቅና አለመናዘዝ ስለ ነበረ፣ ፍንዳታን ለሚፈልግ ካሜራ የሚታይ ነገር የለውም። አርበኛነትን ከአክተር ብቻ የተማረ ወጣት እንዲህ ያለውን ሰው ቢያይ ጀግና መሆኑን ላያውቅ ይችላል፤ ጉዳቱም ይህ ነው።

ስለዚህ የባህል ተመራማሪ እነዚህን ፊልሞች ተራ ጨዋታ ናቸው ብሎ ሊያልፋቸው አይገባም። ተማሪዎች እንደ ዓለም ባንክ ባሉ ሰፈሮች የቪዲዮ ቤት ደንበኛ የነበሩትን ሰዎች ፊልሙን በራሳቸው አፍ እንዲተርኩ ቢጠይቁና ቢመዘግቡ፣ ምን እንደ ወሰዱና ምን እንደ ጣሉ ይታወቃል። በዚያው ቤት የሚኖሩትን አረጋውያን ስለ አርበኞች የሚያውቁትን ቢጠይቁ ደግሞ ሁለቱን ትረካዎች ጎን ለጎን አኑሮ ለመመዘን ይቻላል።