ሞዴል ፈተና ያለ ካልኩሌተር

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከመድረሱ አስቀድሞ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ፣ በየወረዳው ከተማም ሁሉ፣ መምህራን ለተማሪዎቻቸው የሚያዘጋጁት የልምምድ ፈተና «ሞዴል» ይባላል፤ ምንነቱ ለማንም የተሰወረ አይደለምና በዚህ ላይ ብዙ መናገር አያሻም። ጥቅሙ ግን ከተሰጠው ግምት እጅግ ይበልጣል፤ ተማሪው በእውነት የሚያውቀውን፣ አውቀዋለሁ ብሎ ከሚያስበው ለይቶ የሚረዳው በእርሱ ነውና። ብሔራዊ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸውን የሚያስታውስ ሰው ሞዴልን እንደ ትርፍ ሥራ ሊቆጥረው አይገባም።

በብዙ ተማሪዎች ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ የተሳሳተ አስተሳሰብ አለ፤ ይኸውም የብሔራዊ ፈተናው ሒሳብ የሚከብደው ካልኩሌተር ይዞ መግባት ስለ ተከለከለ ነው የሚለው ነው። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው፤ ፈተናውን የሚያወጡት ሊቃውንት ተፈታኙ ከእርሳስና ከወረቀት በቀር ሌላ መሣሪያ እንደሌለው ያውቃሉና፣ ቁጥሮቹን የሚመርጡት በእጅ ተሠርተው እንዲያልቁ አድርገው ነው። ባለፈው ክረምት ቡሬ ላይ አንዲት ተማሪ በመሠረት 2 ከ48 ሎጋሪዝም የ3 ሎጋሪዝም ሲቀነስ ስንት እንደሚቀር በስልኳ ካልኩሌተር ስትፈልግ አገኘኋት፤ ስልኩም ከነጥብ በኋላ ማለቂያ የሌላቸው አኃዞች እየደረደረ አስጨንቋት ነበር። «እስኪ 48ን ለ3 አካፍዪው» ብላት «16» አለች፤ «ስንት 2 እርስ በርሱ ቢባዛ 16 ይሆናል?» ብላት ደግሞ «4! ጋሼ፣ ይኸው ነው እንዴ?» አለችኝ። አዎን፣ ይኸው ነው። 3ን ከ48 ቀንሶ የ45ን ሎጋሪዝም የሚፈልግ ተማሪ የሳተው ሕጉን ነው፤ ሕጉን ለሳተ ደግሞ ካልኩሌተር መድኃኒት አይሆነውም።

ይልቁንም የአብነት ትምህርት ሥር በሰደደበት በጎጃም ምድር ልጆች በእጅ ማስላትን መፍራታቸው ያስቆጫል። ባሕረ ሐሳብን፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያንን የዘመን ስሌት፣ የተማረ ደቀ መዝሙር የ2018 ዓ.ም. አጽዋማትና በዓላት የሚውሉበትን ዕለት ሲያወጣ፣ 5500ን ከ2018 ጋር ደምሮ 7518 ዓመተ ዓለም ይላል፤ ይህን በ19 ሲገድፈው፣ ማለትም አካፍሎ ቀሪውን ሲይዝ፣ 13 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመን ትቶ 12ን ወንበር ያደርጋል፤ 12 በ11 ተባዝቶ 132፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12 ይሆናል፤ 12 በ19 ተባዝቶ 228፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይወጣል። ከዚያም አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ዘወትር 30 መሆን ስለሚገባቸው 12ንና 18ን ይደምራል፤ 30 ካልመጣ መሳሳቱን ዐውቆ ከመነሻው ይጀምራል። ከሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን የመጨረሻውን እርምጃ ነው፤ በሞዴልም ቢሆን ያገኘውን መልስ ወደ እኩልታው መልሶ አስገብቶ የሚመረምር ተማሪ፣ ማሽን ሊሰጠው የማይችለውን መተማመን ያገኛል።

መልሱን ከጎኑ ዘርግቶ ሞዴል የሚሠራ፣ በየአምስት ጥያቄው ተነሥቶ ስልኩን የሚያይ ተማሪ ግን ጊዜውን በከንቱ እንደሚያጠፋ ሊነገረው ይገባል። በቀድሞዎቹ የተፈጥሮ ሳይንስ የሒሳብ ፈተናዎች 65 ጥያቄዎች በ3 ሰዓት ይሠሩ ነበር፤ ለአንዱ ጥያቄ ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም ማለት ነው፤ ይህን ፍጥነት ሳይለማመዱት በፈተናው ዕለት ማግኘት አይቻልም። ጦርነት ትምህርቱን ያቋረጠበት፣ መምህር በቅርቡ የሌለው ልጅም የአንድ ዓመት የፈተና ወረቀት አግኝቶ ሰዓት ይዞ ቢቀመጥ፣ የቱን ምዕራፍ መልሶ ማንበብ እንዳለበት ያ ወረቀት ያመለክተዋል።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ በሞዴል ዕለት ካልኩሌተሩንና ስልኩን በሩ ላይ ሰብስቡ፤ ወረቀቱንም ስትመልሱ ነጥቡን ብቻ ጽፋችሁ አትስጡ፣ ተማሪው የሳተበትን መሥመር አስምሩበት።