የማሸጊያ ዕቃዎች የታሪፍ አመዳደብ

የማሸጊያ ዕቃዎች የታሪፍ አመዳደብ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የታሸገበት ካርቶን፣ ጠርሙስ፣ ሣጥን ወይም ሲሊንደር በየትኛው የታሪፍ ቁጥር ቀረጥ እንደሚሰላበት የሚወሰንበት የጉምሩክ አሠራር ነው። በዓለም ጉምሩክ ድርጅት የሚመራውና ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት ሃርሞናይዝድ ሲስተም ይህን በአጠቃላይ የአተረጓጎም ደንብ ቁጥር 5 ይወስናል። የኢትዮጵያ የጉምሩክ ታሪፍም በዚሁ ሥርዓት ላይ የተመሠረተ ነው።

ዋናው ደንብ

ማሸጊያው ለዚያ ዓይነት ዕቃ በተለምዶ የሚያገለግልና ዕቃውን እንደያዘ የቀረበ ከሆነ፣ ከዕቃው ጋር በአንድ ቁጥር ይመደባል። ለምሳሌ ባዶ የመስታወት ጠርሙስ በአንቀጽ 70.10 ይመደባል፤ የወይን ጠጅ ተሞልቶበት ሲገባ ግን ከወይን ጠጁ ጋር 22.04 ውስጥ ይገባል። ባዶ ካርቶንም ቁጥሩ 48.19 ሲሆን፣ ጫማ ይዞ ከመጣ ጫማውን ይከተላል።

ለረጅም ጊዜ የሚያገለግሉ መያዣዎች

ለአንድ ዕቃ ተብለው የተሠሩ፣ ለረጅም ጊዜ የሚያገለግሉና አብረው የሚሸጡ መያዣዎች ከዕቃው ጋር አብረው ከቀረቡ አብረው ይመደባሉ። የቫዮሊን ማህደር ከቫዮሊኑ ጋር ሲገባ ቁጥሩ 92.02 ነው፤ ለብቻው ሲገባ ግን 42.02 ይሆናል።

ልዩ ሁኔታዎች

መያዣው ራሱ ለጠቅላላው ዕቃ መሠረታዊ ባሕርይ የሚሰጥ ከሆነ ይህ ደንብ አይሠራም። ከብር ማዕድን በተሠራ ጌጠኛ መያዣ ውስጥ የገባ የሻይ ቅጠል ለዚህ ምሳሌ ነው፤ መያዣው እንደ ሻይ አይቆጠርም። በግልጽ ለተደጋጋሚ አገልግሎት የሚውል ማሸጊያም ከዕቃው ጋር እንዲመደብ ደንቡ አያስገድድም። የጋዝ ሲሊንደር ጋዙ ካለቀ በኋላ እንደገና ስለሚሞላ፣ የብረት ከሆነ በራሱ ቁጥር 73.11 ሊመደብ ይችላል።

በቀረጥ ላይ ያለው ውጤት

የማሸጊያው ምድብ የሚከፈለውን ቀረጥ ይለውጣል። የዕቃው የቀረጥ ልክ 35 በመቶ፣ የባዶ ማሸጊያው ደግሞ 10 በመቶ ነው እንበል። 1,000 ብር የሚያወጣ ማሸጊያ ከዕቃው ጋር ሲመደብ 350 ብር፣ ለብቻው ሲመደብ 100 ብር ቀረጥ ይታሰብበታል። ስለዚህ ማሸጊያን ከዕቃው ለይቶ በዝቅተኛ ቁጥር ማስመዝገብ የቀረጥ ልዩነት ያስከትላል።

ከምድቡ ሌላ ዋጋም ይታያል። በዓለም ንግድ ድርጅት የጉምሩክ ዋጋ አተማመን ስምምነት አንቀጽ 8 መሠረት፣ ገዢው የሸፈነው የማሸጊያ ቁሳቁስና የማሸግ ሥራ ወጪ በዕቃው ዋጋ ውስጥ ካልተካተተ ይደመርበታል። ሻጭ ማሸጊያውን በሌላ ደረሰኝ ቢያስከፍልም ወጪው ከቀረጥ ስሌት አይወጣም።