የፓሪሷ የውስጥ አርበኛ ኑር

ፒያሳ፣ በኒን ሰፈር፣ ኑር መስጊድ አካባቢ። ሳምቡሳውና ተምሩ ተደርድሮ አዛን ይጠበቃል። ከኢፍጣር በኋላ ልጆቻችን ታሪክ ንገሩን ማለታቸው አይቀርም። ዘንድሮ የመስጊዱን ስም የምትጋራ አንዲት ወታደር አስታወስን፤ ኑር ዒናያት ኻን።

ከመስጊዱ ራቅ ብሎ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ቆሟል። ፋሺስት ጣሊያን ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ረሸናቸው። በዚያው ዘመን ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ አዲስ አበባ ተቀምጠው ለአርበኞች መረጃና ጥይት ሲያቀብሉ ተይዘው ተገረፉ፤ ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ድረስም ተጋዙ። አባቶቻችን እንዲህ ያለውን ሰው «የውስጥ አርበኛ» ይሉታል። ኑርም እዚያው ፋሺዝም ላይ የተነሣች የውስጥ አርበኛ ነበረች፤ ቦታዋ ግን ፓሪስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1914 ሞስኮ ተወለደች። አባቷ ሕንዳዊ የሱፊ መምህር፣ እናቷ አሜሪካዊት ናቸው። ፓሪስ አጠገብ አደገች፤ በ1939 የልጆች ተረት መጽሐፍ አሳተመች። ሰላም በሚሰበክበት፣ ውሸት በሚጠላበት ቤት ያደገች ልጅ ናት። ጀርመን ፈረንሳይን ስትወርር ቤተሰቡ ወደ እንግሊዝ ሸሸ፤ እሷም የአየር ኃይሉ የሴቶች ክፍል ገብታ የሬዲዮ ሙያ ተማረች። ለስለላ ስትመለመል ከአሠልጣኞቿ አንዳንዶቹ አትችልም ብለው ነበር። መዋሸት የሚከብዳት ሴት የሐሰት ስም ይዛ እንዴት ትኖራለች?

በሰኔ 1943 ፈረንሳይ ገባች። የሬዲዮ ሠራተኛ ሆና ወደዚያ የተላከች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። አሥር ቀን ሳይሞላ ባልደረቦቿ መታፈስ ጀመሩ። ከለንደን ተመለሺ ተባለች፤ እሷ ከሄደች ግን መልእክት የሚያስተላልፍ ሰው አይኖርምና እምቢ አለች። ሬዲዮዋን በሻንጣ ይዛ ከቤት ቤት እየተዘዋወረች እስከ ጥቅምት ሠራች። በመጨረሻ ተጠቁማ ተያዘች።

ታሪኩን ማሳመር አንፈልግም። የላከቻቸውን መልእክቶች በደብተር ገልብጣ አስቀምጣ ነበር፤ ጀርመኖች በዚያ ተጠቅመው ለንደንን አታለሉ፤ ሌሎች ሰላዮችም ተያዙ። ከአንደበቷ ግን ምስጢር አልወጣም። እኛ ቤት አማና የምንለው ይህንን ነው። ሁለት ጊዜ ልታመልጥ ሞከረች። ከዚያም ፎርስሃይም እስር ቤት ውስጥ አሥር ወር ያህል በሰንሰለት ታስራ ብቻዋን ቆየች።

ሴፕቴምበር 13 ቀን 1944 ዳኻው ውስጥ ከሌሎች ሦስት ሴቶች ጋር ተገደለች። ገና 30 ዓመቷ ነበር። ወይዘሮ ሸዋረገድ ከግዞት ተመልሰው ትግሉን ቀጠሉ፤ ነጻነትንም ለማየት በቁ። ኑር ፓሪስ ነጻ በወጣች በሦስተኛው ሳምንት ሞተች።

እንግሊዝ በ1949 ጆርጅ ክሮስ የተባለውን ከፍተኛ ሜዳልያ ሰጠቻት። በ2012 ደግሞ በልጅነቷ በኖረችበት የለንደን ሰፈር፣ ጎርደን አደባባይ፣ ሐውልት ቆመላት።