የተከፈተ ጨዋታ ከተቈለፈ ሣጥን ይገባልን?

ባለፈው ቅዳሜ ከአንድ ወዳጃችን ቤት ቡና ስንጠጣ ክርክር ተነሣ። ባለቤቱ በአንድ መሥሪያ ቤት የሚያገለግል፣ ማታ ማታ ግን ከኮምፒዩተሩ ፊት የማይጠፋ ሰው ነው። አብሮን የነበረው ሌላው ወዳጃችን ገና ተማሪ ሲሆን፣ ያለው መሣሪያ ከታላቅ ወንድሙ የወረሰው ፕሌይስቴሽን 4 ብቻ ነው። ሁለቱም የሚጫወቱት አንዱን ጨዋታ፣ ‹ስካይሪም› የሚባለውን ነው። ባለኮምፒዩተሩ የጨዋታውን ሰማይ፣ ደኑን፣ የወታደሩን ልብስ፣ የከተማውን ቅያስ ሳይቀር ሌሎች ተጫዋቾች በሠሩት ለውጦ ሲያሳየን፣ ተማሪው ዝም ብሎ ተመለከተና፣ ‹‹እኔም ገንዘብ ከፍዬ የገዛሁት ይህንኑ ጨዋታ ነው፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ከእኔ ዘንድ ስለምን የለም?›› ሲል ጠየቀ። ባለኮምፒዩተሩም ሳቅ ብሎ፣ ‹‹ኮንሶል ለዚህ አልተፈጠረማ!›› አለው። ለእኛ ግን መልሱ እንዲህ በአጭሩ የሚቈረጥ ሆኖ አልታየንም። ስለዚህ ነገሩን ለዛሬ አንባቢዎቻችን ይዘን ቀርበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። ተጫዋቾች ‹ሞድ› የሚሉት፣ ጨዋታውን የሠራው ኩባንያ ሳይሆን ጨዋታውን የገዛው ሰው በገዛ እጁ የሚጨምረው ወይም የሚለውጠው ክፍል ነው። (የሰፈር ልጆች ‹ሙድ መያዝ› ከሚሉት ጋር እንዳይደባለቅብን፤ ያኛው በሰው ላይ ማላገጥ ነው፣ ይህኛው ግን ብዙ ሌሊት የሚፈጅ ሥራ ነው።) ኮምፒዩተር ለዚህ የተመቸበት ምክንያት ግልጽ ነው። የጨዋታው ፋይሎች በባለቤቱ ዲስክ ላይ ተዘርግተው ይገኛሉ፤ ከፍቶ የሚያይ፣ አንዱን አውጥቶ በሌላ የሚተካ ሰው ማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ኢድ ሶፍትዌር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1993 ‹ዱም›ን ሲያወጣ ካርታውን፣ ሥዕሉንና ድምፁን ከዋናው ፕሮግራም ለይቶ በሌላ ፋይል ያኖረው፣ ሰዎች እንዲለውጡት አስቦ ነበር። ቤተስዳም በ2002 ‹ሞሮዊንድ›ን ለኮምፒዩተር ሲሸጥ የመሥሪያውን ፕሮግራም አብሮ ሰጥቷል። በዚያው ዓመት በኤክስቦክስ ላይ የወጣው ‹ሞሮዊንድ› ግን ይህ ዕድል አልደረሰውም።

ኮንሶሉ የተቈለፈው እንዲሁ በክፋት አይደለም። በ1977 ለገበያ የቀረበው የአታሪ ኮንሶል ቍልፍ አልነበረውም፤ የአሠራሩን ጥበብ የደረሰበት ኩባንያ ሁሉ ጨዋታ እየሠራ ይሸጥለት ነበር። ውሎ አድሮ የሰሜን አሜሪካ ሱቆች በማይረባ ጨዋታ ተጥለቀለቁ፤ ገዢውም እምነት አጣ፤ በ1983 ገበያው ወደቀ። የጃፓኑ ኒንቴንዶ በ1985 ወደዚያው አገር ሲገባ ከዚህ ተምሮ፣ እርሱ ያልፈቀደው ጨዋታ እንዳይሠራ የምትከለክል ትንሽ ቺፕ በመሣሪያው ውስጥ አስቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ልማዱ ይኸው ነው። መሣሪያውን የሠራው ኩባንያ እያንዳንዱን ጨዋታ መርምሮ ያሳልፋል፣ ከሽያጩም ድርሻውን ይወስዳል። ገዢው ደግሞ በበኩሉ ጥቅም አለው፤ ጨዋታው እንዳይሠራ ይሆን ብሎ ሳይሠጋ ከፍቶ ይጫወታል። ልጅ ያለው ሰውም ቤቱ ምን እንደሚገባ በመጠኑ ያውቃል።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሞድ ማለት ማንም ያልመረመረው፣ ማንነቱ የማይታወቅ ሰው ሌሊት የሠራው ነገር ነው። ይህ መርምሮ ከሚያስገባ በር ጋር እንዴት ይስማማል?

መሣሪያው ራሱ አቅም የለውም የሚሉትን ግን አንቀበልም። በ2007 መጨረሻ ‹አንሪል ቱርናመንት 3› በፕሌይስቴሽን 3 ሲወጣ፣ ተጫዋቹ በኮምፒዩተር የተሠራውን ሞድ በፍላሽ ገልብጦ ኮንሶሉ ላይ በመሰካት ይጭነው ነበር፤ ሠራም። በሚቀጥለው ዓመት ያው ጨዋታ ለኤክስቦክስ 360 ሲወጣ ግን ይህ አልተፈቀደለትም። ሁለቱ መሣሪያዎች በዘመንም በጉልበትም ተቀራራቢ ነበሩ። ልዩነቱ የፈቃድ ነበር።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ2016 ነው። ቤተስዳ ‹ፎልአውት 4› የተባለውን ጨዋታውን በኅዳር ወር 2015 አውጥቶ፣ ሞድ በኮንሶልም ይመጣል ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። በግንቦት መጨረሻ 2016 ለኤክስቦክስ ዋን ቃሉን ፈጸመ። የፕሌይስቴሽን 4 ባለቤቶች ግን ሲጠብቁ ከረሙና፣ በመስከረም ወር ሶኒ የተፈለገውን ሞድ እንዳልፈቀደ ኩባንያው አስታወቀ። ከአንድ ወር በኋላ ሁለቱ ተስማሙ፤ ነገር ግን በገደብ ነው። በፕሌይስቴሽን ላይ የሚጫን ሞድ ከጨዋታው ውስጥ አስቀድሞ ባለው ነገር ብቻ መሥራት አለበት፤ ከውጭ አዲስ ሥዕል፣ አዲስ ቅርጽ ወይም አዲስ ድምፅ ማስገባት አይችልም። በቤቱ ያለውን ዕቃ ከክፍል ወደ ክፍል ማዘዋወር ይፈቀዳል፣ ከገበያ አዲስ ዕቃ ገዝቶ ማግባት ግን ክልክል ነው እንደ ማለት ነው። በጥቅምት መጨረሻ ታድሶ ለወጣው ‹ስካይሪም› የተሰጠው ቦታም እንዲሁ የተለያየ ነው፤ ለኤክስቦክስ ዋን 5 ጊጋባይት፣ ለፕሌይስቴሽን 4 ግን 1 ጊጋባይት። የተማሪው ወዳጃችን ጥያቄ እዚህ ላይ መልስ አገኘ። ባለኮምፒዩተሩ ያሳየን አዲሱ የወታደር ልብስ ከውጭ የገባ ቅርጽ ነውና፣ በእርሱ መሣሪያ ላይ ከበሩ ይመለሳል።

ኤክስቦክስም ቢሆን ሁሉን አያስገባም። ኮምፒዩተር ላይ ያሉት ትልልቅ ሞዶች ብዙዎቹ የሚሠሩት፣ በጨዋታው ዋና ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ አዲስ ትእዛዝ በሚያስተምረው በአንድ ረዳት ፕሮግራም ነው። ይህ ረዳት ያልተመረመረ ኮድ ስለሆነ በኮንሶል ላይ ከቶ አይፈቀድም። ከዚህ ረዳት ውጭ የማይሠራው ‹ስካይዩአይ› የተባለው የታወቀ ሞድ ምን እንደሚያደርግ ስንሰማ ሳቅን፤ ዋና ሥራው ለኮንሶል መጫወቻ ተብሎ የተዘጋጀውን የዕቃ ዝርዝር ለኮምፒዩተር ተጫዋች እንዲመች አድርጎ ማስተካከል ነው!

በዚያ ዓመት የሆነ ሌላም ነገር አለ፤ እኛን ያሳዘነን ይኸኛው ነው። ሞዱ ወደ ኤክስቦክስ እንደተከፈተ፣ ሰዎች በኮምፒዩተር ላይ የታወቁ ሞዶችን ያለ ሠሪዎቹ ፈቃድ እየገለበጡ በራሳቸው ስም ለኮንሶል አወጡ። ሥራው ከተበላሸ የሚወቀሰው ግን ዋናው ሠሪ ነው። ከሠሪዎቹ ብዙዎቹ ኮንሶል የላቸውም፤ ሊሞክሩት አይችሉም። እንዲያም ሆኖ ‹‹ለእኛስ መቼ ታመጣለህ?›› የሚል ጭቅጭቅ በላያቸው ላይ ወረደባቸው፤ ከመካከላቸው ተማርረው ሥራቸውን ያነሡ ነበሩ። በገንዘብ ሳይሆን በፍቅር የሚሠራ ሰው መብቱ ሲደፈር የሚያቆመው ነገር የለም፤ ትቶ ይሄዳል። በሩን ጠባቂ ያቆሙት ኩባንያዎች ለመሣሪያቸው ደኅንነት ያን ያህል ሲጠነቀቁ፣ ለእነዚህ ሠሪዎች ግን አስቀድመው አለማሰባቸውን እኛ ከባድ ጥፋት እንለዋለን።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተሻሽሏል። የቤልጅጉ ላሪያን ‹ባልዱርስ ጌት 3› ለተባለው ጨዋታው በ2024 የሞድ መሥሪያ ሲያወጣ፣ ከጅምሩ ኮንሶሎቹን አስቦ ነው፤ ሠሪው በአንድ መሥሪያ ሠርቶ በጨዋታው ውስጥ ባለው ዝርዝር ያቀርባል፣ ለኮንሶል የሚሆነው ተመርምሮ ያልፋል። ‹ፋርሚንግ ሲሙሌተር› የተባለው የእርሻ ጨዋታም ለኮንሶል ተጫዋቾቹ ትራክተሩንና ማሳውን በዚሁ ዓይነት መንገድ ያደርሳል። ስለዚህ ‹‹በኮንሶል ላይ በደኅና ይሠራልን?›› ለሚለው ጥያቄ፣ ለሚጫወተው ሰው ‹‹አዎን፣ ይሠራል›› እንላለን፤ ጨዋታው ሲታሰብ አብሮ ከታሰበ፣ የሠሪው ስምም ከሥራው ጋር ከተጠበቀ።

ለሚሠራው ሰው ግን እንዲህ አንልም። በ1998 ‹ሃፍ ላይፍ› የተባለ ጨዋታ ወጣ። በካናዳ ተማሪ የነበረው ሚን ሌና አሜሪካዊው ጄስ ክሊፍ ያንን ጨዋታ ከፍተው ለውጠው በ1999 ‹ካውንተር ስትራይክ›ን አወጡ። ፈቃድ የጠየቁት፣ ማመልከቻ ያስገቡለት ባለሥልጣን የለም፤ እንዲያው ሠሩት። ሰዉ ስለወደደው በ2000 የጨዋታው ባለቤት ቫልቭ ሥራውን ገዛ፣ እነርሱንም ቀጠረ። ያው ጨዋታ በ2003 ኤክስቦክስ ላይ ደረሰ፤ ግን ተሠርቶ ካለቀ በኋላ፣ ታሽጎ እንደ ሸቀጥ ነው። እነዚህ ሁለት ወጣቶች በቤታቸው የነበረው ኤክስቦክስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ‹ካውንተር ስትራይክ› ከየት ይወለድ ነበር? በኮንሶል ላይ የሞድ ዝርዝር ይመጣል፣ መሥሪያው ግን አብሮ አይመጣም። ወጣቱ የሌሎችን ሥራ መርጦ የሚጭን ይሆናል እንጂ ራሱ የሚሠራ አይሆንም። በከተማችንም ብዙ ልጆች ከዚህ ጨዋታ ጋር የሚተዋወቁት በየሰፈሩ ባለው ፕሌይስቴሽን ቤት ነውና፣ ይህን አቃልለን ልናየው አልቻልንም።

ይህን ሁሉ ስንናገር ተማሪው ወዳጃችን ሳይሰማን አልቀረም። የ‹ስካይሪም› የሞድ መሥሪያ ለጨዋታው ባለቤት በነጻ እንደሚሰጥ፣ ነገር ግን በኮምፒዩተር ላይ ብቻ እንደሚሠራ ከነገርነው በኋላ፣ ባለቤቱን ለምኖ ከወንበሩ አስነሣውና ተቀመጠበት። ያሰበው ትንሽ ነገር ነው፤ ከአንድ ወንዝ ዳር በጨዋታው ውስጥ ባለው ድንጋይና እንጨት ብቻ አንዲት ጎጆ ማቆም። ከውጭ ምንም ካላስገባ የሶኒን ገደብ አይነካም፤ ከዚሁ ለፕሌይስቴሽን ብሎ ልኮ ማታ ከቤቱ ሊያወርዳት ነው። ቡናው ሦስተኛው ደርሶ ስንሰናበት ጎጆዋ ቆማለች፤ በሯ ግን ወደ ወንዙ ዞሮበት፣ ያን ለማስተካከል ገና ይታገል ነበር።