የፍቅር ልብ ወለድ እንዴት ይነበባል? እንዴትስ ይገመገማል?

ባለፈው ሰሞን በዚሁ ሰሌዳ ላይ አንዲት አጭር የመጽሐፍ አስተያየት አውጥተን ነበር። ርዝመቷ ከአሥር መሥመር አይበልጥም። ጉዳይዋ አንዲት ዕጩ መምህርት ለንባብ ክበባችን ያመጣችው የፍቅር ልብ ወለድ ሲሆን፣ «ተገናኙ፣ ተጣሉ፣ ታረቁ፣ ተጋቡ፤ በቃ፤ ጊዜ ማባከኛ ነው» ብለን ደመደምን። በሰሌዳው ፊት ብዙ ተሳቀ። እኛም ቁም ነገር የጻፍን መስሎን ደስ አለን።

በማግሥቱ መጽሐፉን ያመጣችው እኅታችን መጣችና ጽሑፉን ቆማ አነበበች። ከዚያም ዞር ብላ፣

«ለመሆኑ መጽሐፉን አንብባችሁታል?» አለችን።

«አዎ፣ አይተነዋል።»

«እስከ ስንተኛው ገጽ?»

«እስከ... ሠላሳ ገደማ።»

«መጽሐፉ እኮ 240 ገጽ ነው። ነገ የተማሪ ፈተና ስታርሙ ከስምንት ጥያቄ አንዱን ብቻ አይታችሁ ነው ዜሮ የምትሰጡት?»

መልስ አልነበረንም። መጨረሻውን ገምተን እንጂ አንብበን አልጻፍንም። እርሷ ከዚያን ቀን ወዲህ ወደ ክበቡ ብቅ አላለችም። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሌሎች ሰልጣኞች የሚያነቡትን የፍቅር መጽሐፍ በአሮጌ ጋዜጣ ሸፍነው መያዝ መጀመራቸው ነው። ሰው የሚያነበውን እንዲደብቅ ያደረገ የንባብ ክበብ ምኑን የንባብ ክበብ ሆነ? ስለዚህ የዛሬው ጽሑፋችን ግማሹ ይቅርታ፣ ግማሹ ማብራሪያ ነው።

በመጀመሪያ የምንነጋገርበትን የመጽሐፍ ዓይነት እንለይ። በውጭ አገር አሳታሚዎችና አንባቢዎች ዘንድ «ለስላሳ የዘመኑ የፍቅር ልብ ወለድ» የሚባል ራሱን የቻለ ዘርፍ አለ። ሦስቱም ቃላት የየራሳቸው ትርጉም አላቸው። «የፍቅር» ሲባል የታሪኩ ዋና ግንድ የሁለት ሰዎች መፈላለግ ነው፤ ጦርነቱም፣ ሥራውም፣ የቤተሰብ ጣጣውም በዚያ ግንድ ላይ የበቀለ ቅርንጫፍ ነው። መጨረሻውም አንባቢውን ተስፋ ሰጥቶ የሚሸኝ መሆን አለበት። «የዘመኑ» ማለት ታሪኩ ደራሲው በሚኖርበት ጊዜ የሚፈጸም ነው ማለት ነው። «ለስላሳ» የተባለው ደግሞ የመኝታ ቤቱ በር ለአንባቢ ስለማይከፈት ነው። መተያየት፣ እጅ ለእጅ መያያዝ፣ ቢበዛ መሳሳም ይኖራል፤ ከዚያ ያለፈው ለባለ ጉዳዮቹ ይተዋል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው የፍቅር ታሪክ ያለበትን መጽሐፍ ሁሉ በአንድ ከረጢት ስንከት ነው። ለምሳሌ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንውሰድ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ ታላቅ መጽሐፍ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ይተርካል። በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ የሰማ ሁሉ እስከ ዛሬ አይረሳውም። ነገር ግን በዘርፉ ሕግ ብንመዝነው ለስላሳ የፍቅር ልብ ወለድ አይደለም። ርእሱ ራሱ እንደሚነግረን ሁለቱ ወጣቶች ትዳር መሥርተው ሳይኖሩ ታሪኩ መቃብር ላይ ይደርሳል። የደራሲው ዓላማም የፍቅራቸውን ያህል በመካከላቸው የቆመውን የባላባት ሥርዓት ማሳየት ነው። ይህ ሐዘናዊ ታሪክ ነው። ሐዘናዊውን በደስታ አላለቀም ብሎ መውቀስ ሞኝነት ከሆነ፣ ለስላሳውን በደስታ አለቀ ብሎ መውቀስም ያው ሞኝነት ነው። የስንዴ ወንፊት ይዞ ጤፍ ልንፋ ያለ ሰው ጥፋቱ የራሱ እንጂ የጤፉ አይደለም።

በደስታ ማለቅ ለሥነ ጽሑፋችን እንግዳ ነገር ነው የሚልም ካለ ወደ መጀመሪያው ልብ ወለዳችን ይመለስ። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ብዙዎቻችን «ጦቢያ» እያልን የምንጠራው፣ በ1900 ዓ.ም. በሮም ታትሞ ወጣ። የወንድ ልብስ ለብሳ የተሰደደችው የጦቢያ ታሪክ ከስንት መከራ በኋላ የሚደመደመው በጋብቻ ነው። የአማርኛ ልብ ወለድ ጉዞውን የጀመረው ሠርግ ደግሶ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

በውጭው ዓለም ደግሞ ዘርፉ ትልቅ ገበያ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1908 ለንደን ውስጥ የተቋቋመው ሚልስ ኤንድ ቡን፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ1949 በካናዳ ዊኒፔግ ከተማ የተቋቋመው ሃርለኩዊን በዚህ ሥራ ታወቁ። ሃርለኩዊን እ.ኤ.አ. በ1971 ሚልስ ኤንድ ቡንን ገዛው። መጻሕፍታቸው ስስና ርካሽ ሆነው፣ ከመጻሕፍት መደብር ሌላ ዕለታዊ ሸቀጥ በሚሸጥበት ሱቅ ሁሉ ተሸጡ። ይህ ለዘርፉ በረከትም መርገምም ነበር። በረከቱ፣ መጽሐፍ ገዝቶ የማያውቀው ሰው ሁሉ አንባቢ መሆኑ ነው። መርገሙ ደግሞ በአንድ ልክ ተቆርጠው የተሰፉ የሚመስሉ ብዙ መጻሕፍት መውጣታቸው ነው። ይህን አንክድም። ታዲያ በአንድ ዓይነት ቅርጫት የተሸጠ እንቁላል ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ብርሃን ላይ አንሥቶ ማየት ያስፈልጋል።

ለመሆኑ እነዚህ መጻሕፍት እንዴት ይሠራሉ? መጨረሻው ከታወቀ አንባቢውን ምን ይዞት ይቆያል? ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ እንግሊዛዊቷ ጄን ኦስተን እ.ኤ.አ. በ1813 ያሳተመችው «ኩራትና ጭፍን ጥላቻ» ነው። ዛሬ ጥንታዊ ብንለውም ለእርሷ የዘመኗ ታሪክ ነበር። ኤልሳቤጥ የተባለች ብልህ ልጅና ዳርሲ የተባለ ኩሩ ባለጸጋ መጀመሪያ ሲተያዩ ይናናቃሉ። መጽሐፉ 61 ምዕራፎች አሉት። ዳርሲ ለጋብቻ የሚጠይቃት በ34ኛው ምዕራፍ ነው፤ ማለትም ከመካከሉ ጥቂት አለፍ ብሎ። እርሷም እምቢ ትለዋለች! ታሪኩ በጥያቄ ቢያልቅ ኖሮ እዚያው ባለቀ ነበር። የቀረው ግማሽ ገደማ የሚተርከው ሁለቱም በተሳሳቱበት ነገር ራሳቸውን ሲመረምሩና ሲታረሙ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ የሚመጣው ሁለቱም ሌላ ሰው ከሆኑ በኋላ ነው። እንግዲህ ልብ ሰቀላው ያለው «ይጋቡ ይሆን?» በሚለው ላይ ሳይሆን «ለመጋባት የሚበቁ ሰዎች የሚሆኑት እንዴት ነው?» በሚለው ላይ ነው።

ይህን ከያዝን ዘንድ ገምጋሚው ምን ምን መጠየቅ እንዳለበት ግልጽ ይሆናል። እኛ አምስት ጥያቄዎችን እንጠቁማለን።

፩ኛ/ የሚለያያቸው ነገር እውነተኛ ነው? ሁለቱ ለአምስት ደቂቃ ቁጭ ብለው ሻይ እየጠጡ ቢነጋገሩ የሚፈታ አለመግባባት 200 ገጽ አይሸከምም። ኑሮ፣ የቆየ ቁስል፣ ኩራት፣ ለወላጅ ያለ ግዴታ ግን ይሸከማል።

፪ኛ/ ለውጡ በድርጊት ታይቷል? «ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥሩ ሰው ሆነ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ገጸ ባሕርዩ ምን ሲያደርግ አየነው? ምን ዋጋ ከፈለ?

፫ኛ/ ምልልሱ የሰው ንግግር ነው? ፍቅረኞቹ እንደ ደብዳቤ የሚነጋገሩ ከሆነ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ጆሮ አይዋሽም።

፬ኛ/ ገጸ ባሕርያቱ ከፍቅር ሌላ ኑሮ አላቸው? ሥራ ይሠራሉ? ጎረቤት፣ የቤት ኪራይ፣ የታመመች እናት አሏቸው? በአየር ላይ የቆመ ፍቅር በአየር ላይ ይቀራል።

፭ኛ/ «እምቢ» የሚለው ቃል ይከበራል? ይህን ጥያቄ ከሁሉ አብልጠን እናየዋለን። በአንዳንድ መጻሕፍት ውስጥ ልጅቱ እምቢ ስትል መንገድ እየዘጋ፣ ደጅ እየጠበቀ የሚያስጨንቃት ሰው እንደ ታላቅ አፍቃሪ ይቀርባል። ይህ ፍቅር ሳይሆን ማስገደድ ነው፤ በለስላሳ ቋንቋ ስለተጻፈም አይለሰልስም። ዳርሲን እንደገና እንመልከተው። እምቢ ከተባለ በኋላ ራሱን የሚያስረዳ አንድ ደብዳቤ ሰጥቷት ይሄዳል። ሁለተኛ ሲጠይቃትም ሐሳቧ ካልተለወጠ ነገሩን ዳግም እንደማያነሣው አስቀድሞ ይነግራታል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

አምስተኛው ጥያቄ ሙያችንንም ይነካል። በዛብህ የሰብለ ወንጌል አስተማሪ ነበር። እኛ ግን ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት በመምህርና በተማሪው መካከል እንዲህ ያለ ፍቅር ቦታ የለውም፤ ማርክ ሰጪና ማርክ ተቀባይ እኩል ሆነው አይቆሙምና። በልብ ወለድ ያማረ ሁሉ በክፍል ውስጥ አያምርም። ይህን በግልጽ መነጋገር የምንችለው ደግሞ መጽሐፉን ስናነብ እንጂ ስንደብቅ አይደለም።

ወደ አጻጻፉ እንምጣ። መጽሐፉን በመጀመሪያ ለደስታ አንብቡት፤ እርሳስ አትያዙ። ሁለተኛ ጊዜ ስታነቡ እርሳስ ይዛችሁ የተደሰታችሁበትንና የሰለቻችሁበትን ገጽ ቁጥር በወረቀት ላይ መዝግቡ። ስትጽፉ መቼቱንና የሁለቱን ሰዎች ማንነት በሦስት በአራት ዓረፍተ ነገር አስተዋውቁ። የሚለያያቸውን ነገር ንገሩን፤ እንዴት እንደሚፈታ ግን አትንገሩን። አንባቢው መጨረሻ ላይ እንደሚገናኙ ያውቃል፤ የገዛው መንገዱን ነውና መንገዱን አትስረቁት። ከዚያ ጥንካሬውንና ድክመቱን ከነማስረጃው አስቀምጡ። በመጨረሻም መጽሐፉ ለማን እንደሚስማማ ጠቁሙ።

እኛም ዘግይተንም ቢሆን 240ውንም ገጽ ጨርሰናል። ያለፈው አስተያየታችን እንዲህ ቢሆን ኖሮ ያስመሰግነን ነበር፦ «ታሪኩ የሚፈጸመው በአንዲት አነስተኛ ከተማ ነው። አንዲት ነርስና አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ይፈላለጋሉ። እርሷ በመንገድ ላይ አደጋ አባቷን ስላጣች ሹፌር ላለማግባት ምላለች። ፍርሃቷ እውነተኛ ነው፤ በተለይ መኪናው የሚዘገይበት ሌሊት ጥሩ ተደርጎ ተጽፏል። ሹፌሩ ሲነቀፍ ይሰማል እንጂ አይቆጣም። ነገር ግን መካከሉ ላይ የጠፋች ደብዳቤ በአጋጣሚ መገኘቷ የደራሲውን እጅ ያሳያል፤ የነርሷ እኅትም ያለ ምክንያት ክፉ ሆናለች። ቢሆንም የሚጠብቁት ሰው ያላቸው ሁሉ ቢያነቡት ይወዱታል።» ይህ ውዳሴ አይደለም፤ ጉድለቱም ተነግሯል። ልዩነቱ አንብበን መጻፋችን ብቻ ነው።

አንዳንድ መምህራኖቻችን «ሰልጣኝ ጊዜውን በዚህ ከሚያጠፋ የትምህርት መጽሐፍ ቢያነብ አይሻልም ወይ?» ይሉናል። የትምህርቱን መጽሐፍ እናነባለን፤ ግዴታችንም ነው። ነገር ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ብዙዎቻችን ቤተ መጻሕፍት በሌለበት ገጠር እንመደባለን። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር የተቀመጠች ተማሪ በደብተሯ ውስጥ ደብቃ የምታነበው ነገር ይኖራል። ያን ጊዜ ምን እናደርጋለን? ነጥቀን ክፍሉን እናስቅባታለን? ወይስ «ለትምህርቱ ሰዓት አስቀምጪው፤ በእረፍት ምን እንዳነበብሽ ትነግሪኛለሽ» እንላታለን? መጽሐፉ ለዕድሜዋ የማይገባ ከሆነም ሌላ የምንሰጣት የሚኖረን እኛ ራሳችን አንባቢዎች ከሆንን ነው። በዚህ ሰሌዳ ፊት በእኅታችን ላይ የሳቅነው ሳቅ፣ ነገ በዚያች ልጅ ላይ የምንስቀው ሳቅ ልምምድ ነበር። ያሳፈረንም ይኸው ነው።

ስለዚህ የፊታችን ሐሙስ ከራት በኋላ በንባብ ክበቡ ክፍል ያው መጽሐፍ ለውይይት ይቀርባል። ያመጣችውን እኅታችንን በቅድሚያ እንድትናገር በአክብሮት ጋብዘናል። ትመጣ እንደሆን ገና አልነገረችንም። ወንበሯ ግን ከፊት ይጠብቃታል። ሌሎቻችሁም የምታነቡትን ይዛችሁ ኑ፤ የጋዜጣውን ሽፋን ግን በር ላይ አውልቁት።