ያረጀ ጎማ ዳግመኛ ጎማ የሆነበት ጥበብ

አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር በ1839 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሙቀት የሚልመዘመዘውን፣ በብርድም የሚሰነጣጠቀውን ጥሬ ጎማ ከድኝ ጋር አዋሕዶ በእሳት በማብሰል ባሕርዩን ወደ ጽናት በለወጠው ጊዜ፣ ከጥበቡ በረከት ጋር አንድ ብርቱ ችግር አብሮ ተወለደ፤ ይኸውም የተጋገረ እንጀራ ወደ ቡሖነቱ እንደማይመለስ ሁሉ፣ ከድኝ ጋር የተዋሐደ ጎማም ካረጀ በኋላ ቀልጦ በሌላ ቅርጽ ሊሠራ አለመቻሉ ነው።

የመርካቶ ባለ እጆች ከአሮጌ ጎማ በረባሶ ሲቆርጡ ቅርጹን ብቻ ለውጠው፣ ጎማውን እንዳለ ይገለገሉበታል፤ ይህም ራሱን የቻለ የተከበረ ሙያ ነው። እዚህ የምንተርከው ግን ጎማውን ፈጭተውና አብስለው ዳግመኛ ጥሬ ዕቃ ለማድረግ ስለ ደከሙ ሰዎች ነው። እንግሊዛዊው አሌክሳንደር ፓርክስ በ1846 ውዳቂ ጎማን በኬሚካል ውሃ ቀቅሎ ለማለስለስ ሞከረ፤ አሜሪካዊው ሃይራም ሆል በ1858 ፈጭቶ በእንፋሎት አበሰለው። መኪና ገና አልተሠራምና ለወፍጮው የሚቀርበው በአብዛኛው ያለቀ የጎማ ጫማ ነበር፤ ጫማውም ውስጡ በጨርቅ የተለበጠ ስለ ነበረ፣ ቻፕማን ሚቸል በ1881 ጨርቁን በአሲድ የሚያጠፋበትን ዘዴ አወጣ።

የሚሽላን ወንድማማቾች በ1895 በፓሪስና በቦርዶ መካከል በተደረገው ውድድር በነፋስ የተነፋ ጎማ በመኪና ላይ ካሳዩ ወዲህ ግን፣ በውስጡ ያለው የጥጥ ጨርቅና ጎማው የማይለያዩ ሆነው የተጣበቁበት የመኪና ጎማ እየበዛ መጣ፤ የአሲዱም ዘዴ ለዚህ አልበቃም። መፍትሔው አርተር ማርክስ የተባለ ኬሚስት በ1899 ፓተንት ያወጣበት ዘዴ ነበር። ያረጀው ጎማ ይፈጫል፤ ድቃቂው በኮስቲክ ሶዳ ውሃ ተዘፍዝፎ ክዳኑ በጠበቀ የብረት ጋን ውስጥ፣ ውሃ ከሚፈላበት እጅግ በላቀ ሙቀት፣ በታላቅ ግፊት ለብዙ ሰዓታት ይበስላል። ሶዳው ጥጡን ያሟሟል፣ ሳይዋሐድ የቀረውንም ትርፍ ድኝ ያወጣል፤ ሙቀቱ ደግሞ ጎማውን ያለሰልሰዋል። ከዚያም ታጥቦና ደርቆ በከባድ የብረት መዳመጫዎች መካከል ሲያልፍ ጥቁር ለስላሳ ንጣፍ ሆኖ ይወጣል። በእኔ ፍርድ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ታላቁ ሥራ ይህ ነው፤ ሦስቱን መሰናክል በአንድ ጋን ውስጥ አስወግዷልና። ሆኖም ድኙ በጎማው ላይ የጣለው ማሰሪያ ፈጽሞ ስላልተፈታ፣ የታደሰው ጎማ ከጥሬው ይልቅ ደካማ ነበር፤ ስለዚህም ከአዲስ ጋር እየተቀላቀለ ይሠራበት ነበር።

ይህ ሁሉ ድካም ስለ ምን እንዳስፈለገ ለመረዳት የጥሬውን ጎማ ዋጋ ማሰብ ይገባል። የኮንጎና የአማዞን ጫካ ሕዝብ በጅራፍና በግፍ እየተገደደ ይለቅመው የነበረው ጎማ፣ በ1910 አንዱ ፓውንድ በኒውዮርክ ገበያ ወደ 3 ዶላር ደረሰ፤ የእስያ እርሻዎች ምርት ሲበዛ ግን በ1921 ከ20 ሳንቲም በታች ወረደ።

ጃፓን በ1942 ማላያንና የሆላንድን የምሥራቅ ቅኝ ግዛት በያዘች ጊዜ አሜሪካ ከጥሬ ጎማዋ ከአሥር ዘጠኝ እጁ የሚመጣበትን ምንጭ አጣች፤ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትም ሕዝቡ አሮጌ ጎማውን፣ የውሃ ቱቦውን፣ የዝናብ ልብሱንና ጫማውን ወደ ነዳጅ ማደያ እንዲያመጣ በሬዲዮ ተማጠኑ፤ በፓውንድ አንድ ሳንቲም እየተከፈለ፣ አንድ ወር በማይሞላ ጊዜ 450,000 ቶን ያህል ተሰበሰበ። በዚያው ጦርነት ግን በፋብሪካ የሚሠራ ሰው ሠራሽ ጎማ ተስፋፋ፤ የዛፉን ጎማ ያለሰልስ የነበረው የማርክስ ሶዳ ይህን አዲሱን ጎማ የሚያደርቀው ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ፋብሪካዎቹ ሶዳውን ትተው በዚንክ ወይም በካልሲየም ክሎራይድ መሥራት ግድ ሆነባቸው።