ቺካጎ ካብስ፦ ለማሸነፍ ሲባል የተሸነፉባቸው ሦስት ዓመታት

በእግር ኳስ የለመድነው ሥርዓት ግልጽ ነው። በሰንጠረዡ ግርጌ የቀረ ክለብ ወደ ታችኛው ሊግ ይወርዳል፤ ከቴሌቪዥን የሚያገኘው ገቢ ያሽቆለቁላል፤ ጥሩ ተጫዋቾቹም ጥለውት ይሄዳሉ። ስለዚህ ደካማ ክለብ የሚረከብ አዲስ አመራር የመጀመሪያ ጭንቀቱ ከወራጅ ቀጠና መውጣት ነው፤ ስለ ሩቁ ጊዜ የሚያስብበት ፋታ አያገኝም። በአሜሪካ የቤዝቦል ሜጀር ሊግ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሠላሳዎቹ ቡድኖች ቢያሸንፉም ቢሸነፉም ከሊጉ አይወጡም። ከዚህም በላይ፣ ከትምህርት ቤትና ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ወጣት ተጫዋቾች በየዓመቱ ለቡድኖች በሚደለደሉበት «ድራፍት» በተባለው ምርጫ፣ ለረጅም ዘመን ቀዳሚውን ተራ ያገኝ የነበረው ባለፈው የውድድር ዘመን ከሁሉም የከፋ ውጤት ያስመዘገበው ቡድን ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ሽንፈት የራሱ የሆነ ክፍያ ነበረው።

ይህ ልዩነት ካልተያዘ የቺካጎ ካብስን ታሪክ መረዳት ያስቸግራል። ለጨዋታው እንግዳ ለሆነ አንባቢ በአጭሩ ለማስረዳት፣ ቤዝቦል ከክሪኬት ጋር የሚቀራረብ ጨዋታ ነው። የአንዱ ቡድን ኳስ ወርዋሪ፣ «ፒቸር» የሚባለው፣ ኳሱን ይወረውራል፤ የተጋጣሚው ቡድን ተጫዋች በዱላ ይመታና በሜዳው ላይ የተቀመጡትን «ቤዞች» እየረገጠ ይሮጣል። ዙሩን ጨርሶ የተመለሰ ሁሉ አንድ ነጥብ ያስቆጥራል። ጨዋታው ዘጠኝ ዙር አለው። በኖቬምበር 2023 በዱባይ ሁለት የቤዝቦል የማሳያ ግጥሚያዎች የተካሄዱትም በክሪኬት ስታዲየም ውስጥ ነበር። አንድ የሜጀር ሊግ ቡድን በአንድ የውድድር ዘመን 162 ጨዋታዎች ያደርጋል፤ ከእነዚህ ውስጥ መቶውን መሸነፍ እንደ ውርደት ይቆጠራል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ካብስ «ወርልድ ሲሪስ» የተባለውን የሊጉን የፍጻሜ ውድድር ለመጨረሻ ጊዜ ያሸነፈው በ1908 ነበር። ከ1945 በኋላ ደግሞ ለፍጻሜው እንኳ ደርሶ አያውቅም ነበር። ያም ሆኖ ደጋፊው አልራቀውም። በ1914 በተከፈተው ሪግሊ ፊልድ በተባለው ስታዲየም አያት ለልጅ፣ ልጅ ለልጅ ልጅ ፍቅሩንም ሽንፈቱንም ሲያወርስ ኖሯል። በ2009 የሪኬትስ ቤተሰብ ቡድኑን፣ ስታዲየሙንና ከአንድ የስፖርት ቴሌቪዥን ጣቢያ የተወሰነ ድርሻ በ845 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከትሪቢዩን ኩባንያ ገዛ። የወረሰው ቡድን ዕድሜያቸው የገፋና ውድ ውል የተፈራረሙ ተጫዋቾች የበዙበት ነበር። ለምሳሌ አልፎንሶ ሶሪያኖ በ2006 መጨረሻ የፈረመው ውል ለስምንት ዓመታት 136 ሚሊዮን ዶላር የሚያስከፍል ነበር። በ2011 ቡድኑ 71 ጊዜ አሸንፎ 91 ጊዜ ተሸነፈ።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ሊቀ መንበሩ ቶም ሪኬትስ ቲኦ ኤፕስታይንን የቤዝቦል ሥራዎች ፕሬዚዳንት አድርጎ ቀጠረ። ኤፕስታይን ገና በ28 ዓመቱ የቦስተን ሬድ ሶክስ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኖ በ2004 የዚያን ቡድን የ86 ዓመት የዋንጫ ጥበቃ ያስቆመ ሰው ነው። ከሳን ዲዬጎ ቡድን ጄድ ሆየርንና ጄሰን ማክሊዮድን ይዞ መጣ። ከፊታቸው የነበረው ምርጫ ሁለት ነው፤ ቤቱን እየጠጋገኑ መኖር ወይም አፍርሶ ከመሠረቱ መሥራት። ማፍረሱን መረጡ።

ለዚህ ውሳኔ አንድ ምክንያት የሆነው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ጉዳይ ነው። ኤፕስታይን ሥራ በጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበር አዲስ የሥራ ስምምነት ተፈራረሙ። ስምምነቱ ቡድኖች በድራፍት ለሚመርጧቸው ወጣቶች በሚከፍሉት ገንዘብ ላይ ጣሪያ አበጀ፤ ትልቁ ጣሪያ የተሰጠውም ቀድመው ለሚመርጡት፣ ማለትም ከታች ለጨረሱት ነበር። ከዚያ በፊት ሀብታም ቡድን ኋላ ተራው ቢደርሰውም ዳጎስ ያለ ገንዘብ አቅርቦ ተስፋ ያለውን ልጅ ማስፈረም ይችል ነበር። ያ በር ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ወጣት ተሰጥኦ በብዛት ለማግኘት አስተማማኙ መንገድ በሰንጠረዡ ግርጌ መገኘት ሆነ። ደንቡ የወጣው ወጪን ለመገደብ ነበር፤ በተግባር ግን ሽንፈትን ይበልጥ አዋጪ አደረገው።

ካብስ በ2012 101 ጊዜ፣ በ2013 96 ጊዜ፣ በ2014 ደግሞ 89 ጊዜ ተሸነፈ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት በድራፍቱ ስድስተኛ፣ ሁለተኛና አራተኛ ተራ አግኝቶ አልበርት አልሞራን፣ ክሪስ ብራያንትንና ካይል ሽዋርበርን መረጠ። ሦስቱም ኳስ መቺዎች ናቸው። የፒቸር ክንድ በቀላሉ ስለሚጎዳ በወጣት ፒቸር ላይ ትልቅ ተራ ማዋል አደጋ አለው የሚል እምነት ነበራቸው። በ2013 ሂውስተን አስትሮስ በአንደኛ ተራ የመረጠው ፒቸሩን ማርክ አፔልን ነበር፤ አፔል በሜጀር ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተው በ2022፣ ያውም ለሌላ ቡድን ነው። ሁለተኛ የተመረጠው ብራያንት በአንጻሩ በ2015 የናሽናል ሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋች፣ በ2016 ደግሞ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ። አንደኛ መምረጥ ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

በእኔ አስተያየት ግን የአዲሱ አመራር እውነተኛ ብቃት የታየው በድራፍቱ አይደለም፤ ሌሎች ተስፋ የቆረጡባቸውን ተጫዋቾች በመለየቱ ነው። አንቶኒ ሪዞን እንመልከት። ኤፕስታይን ቦስተን ሳለ በ2007 መርጦት ነበር፤ ወጣቱ በ2008 በሆጅኪን ሊምፎማ ካንሰር ታሞ ድኗል። ሆየር ሳን ዲዬጎን ሲመራ በዝውውር ወሰደው። እዚያ በ2011 ያሳየው ውጤት እጅግ ደካማ ነበር። በጃንዋሪ 2012 እነዚያው ሰዎች ከቺካጎ ሆነው ለሦስተኛ ጊዜ ወሰዱት። ያሳለፈውን ያውቁ ስለነበር ያንን አንድ መጥፎ ዓመት እንደ መጨረሻ ፍርድ አላዩትም።

ጄክ አሪዬታም እንዲሁ ነው። ፒቸር በዘጠኝ ዙር ልክ በአማካይ የሚቆጠርበት ነጥብ ዋነኛ መመዘኛው ሲሆን፣ ከ3 በታች እጅግ ጥሩ፣ ከ5 በላይ ደግሞ ደካማ ተደርጎ ይወሰዳል። አሪዬታ በባልቲሞር ኦሪዮልስ ከ5 በላይ ነበር። ካብስ ስኮት ፌልድማን የተባለ ፒቸር ለአንድ ዓመት አስፈርሞ ነበር፤ ፌልድማን ጥሩ ሲጫወት በጁላይ 2013 ለባልቲሞር ሰጥቶ አሪዬታንና ፔድሮ ስትሮፕን በምትኩ አገኘ። ከሁለት ዓመት በኋላ አሪዬታ 22 ጨዋታዎችን አሸንፎ፣ አማካዩን ወደ 1.77 አውርዶ የናሽናል ሊጉ ምርጥ ፒቸር ተባለ።

በዚህ መሐል ዕድልም የራሱ ድርሻ ነበረው። በ2012 የበጋ ወር ካብስ ነባሩን ፒቸር ራያን ዴምፕስተርን ለአትላንታ ሊሰጥ ተቃርቦ ነበር። ዴምፕስተር ግን በሊጉ አሥር ዓመት፣ ከእነዚህም የመጨረሻዎቹን አምስት በአንድ ቡድን ያገለገለ ተጫዋች ዝውውርን የመከልከል መብት ስለነበረው አልፈቀደም። በመጨረሻ ለቴክሳስ ተሰጠ፤ በልዋጩ ከመጡት አንዱ ካይል ሄንድሪክስ የተባለ፣ ኳስ በዝግታ የሚወረውርና ብዙም ያልተወራለት ወጣት ነበር። በ2016 በሜጀር ሊጉ ዝቅተኛውን አማካይ፣ 2.13፣ ያስመዘገበው እሱ ሆነ። ለቀድሞው አመራርም ፍትሕ ማድረግ ይገባል፤ ሃቪዬር ባዬዝንና ዊልሰን ኮንትሬራስን ወደ ቡድኑ ያመጣው ኤፕስታይን ሳይሆን ከእሱ በፊት የነበረው አመራር ነው።

የእነዚያ ዓመታት ዋጋ በማን ላይ እንደወደቀ መጠየቅ ተገቢ ነው። መጀመሪያ በደጋፊው ላይ ወደቀ። በ2011 ከ3 ሚሊዮን በላይ የነበረው የስታዲየም ተመልካች በ2013 ወደ 2.6 ሚሊዮን ወረደ። የመጡት ደግሞ በሊጉ ውድ ከሚባሉት ትኬቶች አንዱን ገዝተው ያዩት ለማሸነፍ ያልተገነባ ቡድን ነበር። ሁለተኛ በአሰልጣኞች ላይ ወደቀ። ሪክ ሬንቴሪያ በ2014 ወጣቶቹን አንድ ዓመት አሠልጥኖ ሳለ፣ ስመ ጥሩው ጆ ማደን ከታምፓ ቤይ ነጻ መሆኑ ሲሰማ ያለ ጥፋቱ ተሰናበተ።

ሦስተኛው ዋጋ በተጫዋቾች ላይ ወደቀ፤ የብራያንት ጉዳይ ይህን በግልጽ ያሳያል። ተጫዋች ከፈለገው ቡድን ጋር በነጻ መደራደር የሚችለው በሜጀር ሊጉ ስድስት ሙሉ ዓመት ካገለገለ በኋላ ነው። አንድ ሙሉ ዓመት የሚባለውም 172 ቀን ነው። ብራያንት በ2015 ከውድድሩ በፊት በተደረጉ የዝግጅት ጨዋታዎች በዘጠኝ ምቶች ኳሷን ከሜዳ ውጭ ቢያሳርፍም፣ ቡድኑ በመከላከል ረገድ ገና ይቀረዋል ብሎ ወደ ታችኛው ሊግ ላከው። የተጠራው ኤፕሪል 17 ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ 171 ቀን ተቆጠረለት። በአንድ ቀን ጉድለት ነጻነቱ ሙሉ አንድ ዓመት ተራዘመ። በውል የሚሠራ ሰው ሁሉ የአገልግሎት ዘመን በቀን ሲቆጠር ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ብራያንት በተጫዋቾች ማኅበር በኩል አቤቱታ አቀረበ፤ ገላጋይ ዳኛው ግን በ2020 መጀመሪያ ለቡድኑ ፈረደ። ቡድኑ ደንቡን አልጣሰም ነበር።

ወጣቶቹ ሲደርሱ የሪኬትስ ቤተሰብ የገንዘብ ሣጥኑን ከፈተ። ማደን አሰልጣኝ ሆኖ መጣ፤ በዲሴምበር 2014 ፒቸሩ ጆን ሌስተር ለስድስት ዓመት በ155 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። መልሶ ግንባታ በቁጠባ ብቻ ይሳካል የሚሉ የቡድን ባለቤቶች ይህን ምዕራፍ መዝለል ይወዳሉ። ካብስ በ2015 97፣ በ2016 103 ጨዋታዎችን አሸነፈ። በጁላይ 2016 ደግሞ ጥሩ ተስፋ የተጣለበትን ወጣት ግሌይበር ቶሬስን ጨምሮ አራት ተጫዋቾችን ሰጥቶ አሮልዲስ ቻፕማን የተባለውን ፈጣን ፒቸር ለጥቂት ወራት ወሰደ።

በኖቬምበር 2 ቀን 2016 በክሊቭላንድ ሰባተኛውና የመጨረሻው የፍጻሜ ጨዋታ ተካሄደ። ካብስ ሦስት ለአንድ ከተመራ በኋላ ነበር ለዚህ የደረሰው። ጨዋታውን የጀመረው ሄንድሪክስ ነው። ካብስ 6 ለ 3 እየመራ ሳለ በስምንተኛው ዙር፣ ቻፕማን በወረወረበት ጊዜ፣ ክሊቭላንድ አቻ ሆነ። ዘጠነኛው ዙር እንዳለቀ ዝናብ ጣለና ጨዋታው ለ17 ደቂቃ ተቋረጠ። ከዝናቡ በኋላ የሆነው የአምስቱን ዓመት ዕቅድ በአንድ ዙር ያሳየ ነበር። በ2014 የተመረጠው ሽዋርበር መትቶ ወደ አንደኛው ቤዝ ደረሰ። በ2012 የተመረጠው አልሞራ በሩጫ ተካው። በ2013 የተመረጠው ብራያንት ኳሷን አርቆ መታ፤ በአየር ብትያዝም አልሞራ ጊዜውን ጠብቆ ወደ ሁለተኛው ቤዝ ሮጠ። ክሊቭላንድ ሪዞን ሆን ብሎ በነጻ አሳለፈው። ከዚያም በገንዘብ የመጣው ቤን ዞብሪስት መትቶ አልሞራን አስገባ፤ ሚጌል ሞንቴሮ ደግሞ ሪዞን። ውጤቱ 8 ለ 7 ሆኖ ሲያልቅ 108 ዓመት የፈጀው ጥበቃ አበቃ።

ሆኖም ለብዙ ዓመታት ይነግሣል የተባለው ቡድን ሁለተኛ ዋንጫ አላነሳም። ቡድኑ ከራሱ ታዳጊዎች መካከል ብቁ ፒቸሮችን ማፍራት ስላልቻለ ከውጭ ለማምጣት ሌሎች ወጣቶቹን ሰጠ፤ ወጪውም አደገ። ኤፕስታይን በኖቬምበር 2020 ሥራውን ለቀቀ። በጁላይ 2021 መጨረሻ ሪዞ፣ ባዬዝና ብራያንት በሁለት ቀናት ውስጥ ወደ ሦስት የተለያዩ ቡድኖች ተላለፉ። ይህን የፈጸመው ኤፕስታይንን የተካው ሆየር ነው።

ካብስ ብቻውን አልነበረም። አስትሮስ በዚያው ዘመን ይበልጥ በከፋ መንገድ ሄዶ በ2013 111 ጊዜ ተሸንፎ በ2017 ዋንጫውን ወስዷል፤ ያ ዋንጫ ግን የተጋጣሚን ምልክት በካሜራ በመሰለል ቅሌት ጠቁሯል። ሌሎች ቡድኖችም አካሄዱን ሲከተሉ፣ ለማሸነፍ የማይሞክሩ ቡድኖች መብዛት ማኅበሩንም ሊጉንም አሳሰበ። በ2022 በተደረሰው ስምምነት የድራፍቱ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ተራዎች በዕጣ እንዲሆኑ ተወሰነ፤ ሦስቱ የመጨረሻ ቡድኖች አንደኛ የመሆን እኩል ዕድል፣ 16.5 በመቶ፣ ብቻ አላቸው። በምርጥ አዲስ ተጫዋች ምርጫ አንደኛ ወይም ሁለተኛ የወጣ ወጣትም ዘግይቶ ቢጠራ እንኳ ሙሉ የአገልግሎት ዓመት ይቆጠርለታል፤ ይህ ደንብ በ2015 ቢኖር ኖሮ ብራያንት ከአንድ ዓመት በፊት ነጻ በሆነ ነበር። ሀብታም የሚባሉ ቡድኖችም በተከታታይ ዓመታት ከዕጣው መጠቀም አይችሉም። የዚያችው የቺካጎ ከተማ ሌላ ቡድን የሆነው ዋይት ሶክስ በ2024 121 ጊዜ በመሸነፍ በዘመናዊው የሊጉ ታሪክ ከፍተኛውን ቁጥር አስመዘገበ፤ በቀጣዩ ዓመት ድራፍት የደረሰው ተራ አሥረኛ ነበር።